የእትዬ ጥሩነሽ ተራ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሦስት ክፍለ ጊዜ ነበረኝ፣ ሁለቱን መብራት በላው። ተማሪዎቹ ኪቦርድ ወረቀት ላይ ሥለው በጣታቸው ሲለማመዱ ዋሉ። አንዷ እጇን አወጣች፤ "ቲቸር፣ የኔ ኪቦርድ ተቀደደ።" ከዚያ በኋላ ማን ያስተምር? ሳቅ ብቻ።

ስመለስ በበቅሎ ማቆሚያው በኩል ዞርኩ። ተራ አስከባሪው ጋሽ ወንዴ ወይራው ሥር ስልካቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተራ ይጠራሉ። "ነጅሚያ ልጄ፣ ዛሬ አንድም ሰው አልተጣላም" አሉኝ። ትንሽ የከፋቸው መሰለኝ።

"ተራ" ሦስት ዓመት ሞላት። ዛሬ ነው የቆጠርኩት። እኔና ገብረ ሚካኤል ለጋሽ ወንዴ ብለን የሠራናት ትንሽ ፕሮግራም… አሁን የላሊበላ በቅሎዎች ብቻ ሳይሆኑ የጋሸናና የፍላቂት ሚኒባሶችም ወረፋ ይይዙባታል። ነፃ ሶፍትዌር ናት። ማንም ይወስዳታል፣ ማንም ውስጧን ከፍቶ ያያል፣ ማንም ያስተካክላል። ያስተካከለውን ወደ ዋናዋ ቅጂ ለማስገባት ግን ሁለታችን ጠባቂዎቿ እሺ ማለት አለብን። ሕጋችንም አንድ ነው፤ ኮድ ያመጣ ሰው ወይራው ሥር ይመጣል፣ ካልቻለ ይደውላል፣ የሠራውን ለጋሽ ወንዴ በአፉ ያስረዳል። ጋሽ ወንዴ ካልተረዱት ተመላሽ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ትንሽ እኮራበታለሁ። እሺ… ብዙ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ከማናውቀው ሰው ኮድ መጣ። በዚህ ወር አሥራ አንደኛው መሆኑ ነው። ሁሉም ረጅም፣ ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም በምስጋና ይጀምራል። የዛሬው ምን ቢጨምርልን ጥሩ ነው? የእያንዳንዷን በቅሎ የቀረ ባትሪ በመቶኛ የሚያሳይ።

ለገብረ ሚካኤል ላክሁለት። ገብሬ ቀን ቀን ቱሪስት ያስጎበኛል፣ ሲመቸው ኮድ ይጽፋል፣ ሁልጊዜ ይከራከራል። መልሱ ወዲያው መጣ፤ "ቦራ አርባ በመቶ ላይ ናት፣ ገብስ ላይ ሰክተናታል።"

እየሳቅሁ ሳለ ደወለ። አልሳቀም። "ነጅሚ፣ ይሄ ኤአይ የተፋው ነው። ላኪው ራሱ አላነበበውም። እኛ ግን ማንበብ አለብን። ዕድሜያችንን እየበላው ነው። ለምን አንከለክልም? ማሽን የጻፈው አይገባም፣ አለቀ።"

"ልክ ነህ" አልኩት።

ልክ ነህ ስለው ጆሮዬ ጋለ። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው? ጥቅምት ላይ "የቀረ ሰው" የሚለውን የ"ተራ"ን ክፍል የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ፈተና እያረምኩ፣ አባዬ ታሞ ጋሸና እየተመላለስኩ ነበር። ማሽኑን ጠየቅሁት፣ ሻዬ ሳይበርድ ጻፈልኝ። አነበብኩት። ንጹሕ ነው። እውነቱን ለመናገር ከኔ ያምራል። አስገባሁትና "ሠራሁት" አልኩ። ገብሬ ሳያይ እሺ አለ፣ የኔ ስለሆነ። ወይራው ሥር ማስረዳትስ? የሕጉን እናት ማን ይጠይቃታል…

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አዲስ ሰው መጣች። ብርቅዬ ትባላለች፣ ፍላቂት መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ። ያመጣችው ነገር ደግሞ… እንዴት ሦስት ዓመት አላሰብነውም? "ተራ" ስም እንድትጠራ አድርጋታለች። በድምፅ። ማንበብ የማይችል ሰው ስልኩ ራሱ "ሦስተኛ ነዎት" ይለዋል። ከሠላሳ አንዱ ባለ በቅሎ ዘጠኙ ማንበብ አይችሉም። እትዬ ጥሩነሽ፣ አንዷ ሴት ባለ በቅሎ፣ በቀን አሥር ጊዜ ሰው አስቁመው "እኔ ስንተኛ ነኝ?" ይላሉ።

በስልክ ለጋሽ ወንዴ አስረዳች። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ወጥመድ ዘረጉ።

"ሁለት ጥሩነሽ ቢኖሩስ ማንኛዋን ይጠራል?"

"የአባት ስም ይጨምራል፣ ጋሼ።"

"የአባት ስም ቢመሳሰልስ?"

"የበቅሎዋን ስም ይጨምራል።"

ጋሽ ወንዴ በደስታ ጉልበታቸውን መቱ። "አሳምራ ታውቃለች!"

ብርቅዬም ቀጥ ብላ፤ "ኧረ ኮድ እንኳ አልችልም ጋሼ። ማሽኑን ነው ያሠራሁት። እንዳያታልለኝ ግን አንድ ሳምንት መናኸሪያ ውስጥ ፈትኜዋለሁ።"

ገብሬ አጠገቤ ነበር። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሻይ ቤት። እኔ፣ ገብሬ፣ ብርቅዬ ደግሞ በስልክ፣ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፋ።

ገብሬ ሌሊቱን ሲዘጋጅ ያደረ ይመስላል። "ስለ ቤተ ጊዮርጊስ የምናገረውን ስንት ዓመት ነው ያጠራቀምኩት? ከአያቴ፣ ከመሪጌቶቹ፣ ከገዛ ዐይኔ። ባለፈው ዓመት አንዱ አስጎብኚ ተከትሎኝ ሁሉን በስልኩ ቀዳው። አሁን ቃል በቃል ያስጎበኝበታል። ሳሌን እንኳ አላስቀረም፣ እኔ የሳልኩበት ቦታ ላይ ይስላል! ማሽኑም እንደዚሁ ነው። በነፃ የሰጡ ሰዎችን ሥራ ሰብስቦ በላ፣ ስማቸውን ግን አይጠራም።"

ሳቄን ያዝኩ። ነገሩ ግን እውነት አለው። በጣም።

ብርቅዬ ጨርስ አላለችውም፣ እስኪጨርስ ጠበቀች። "ወንድሜ፣ ነፃ ነው ትላላችሁ። ለማን ነው ነፃ? ኮድ ለሚያውቅ? እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ትኬት እቆርጣለሁ። ሾፌር ይጮህብኛል፣ ተሳፋሪ ይጮህብኛል፣ ደላላ ይጮህብኛል። የወረፋን ጣጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ግን የማውቀውን የምናገርበት አፍ አልነበረኝም። አሁን አገኘሁ። እሱን ዝጊ ልትሉኝ ነው?"

ይሄም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል?

"የሷ ከገባ እኔ ከጠባቂነት እወጣለሁ" አለ ገብሬ። ቀልድ መስሎኝ ዐየሁት። አይደለም። ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ላስብበት" አልኩ።

ላስብበት! ዐይኔን በጨው ታጥቤ።

ቁርጡ ቅዳሜ ኅዳር 27 ይታወቅ ተባለ። ወይራው ሥር፣ ባለ በቅሎዎቹ ሁሉ ባሉበት። ወረፋው የነሱ ነውና።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ገበያ። ሽንኩርት፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ነጠላ ጫማ። ስለ ኮድ አላሰብኩም። ዋሸሁ… አሰብኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ገብሬ ከዛሬ እስከ ገና ሁለት እጥፍ ይኮሳተራል፣ ሆዱ ሲጎድል ክርክሩ ይሞላል። በግሩፓችን ላይ ባለ ዘጠኝ አንቀጽ ጽሑፍ አወጣ። ብርቅዬ በአንድ የሳቅ ምልክት መለሰችለት። ይሄን ደግሞ ከስድብ ቆጠረው።

አባዬ ደወለ። አልሐምዱሊላህ፣ ድኖ ጎሚስታ ቤቱ ተመልሷል። ጎማ እየነፋ ነው የሚያወራኝ፣ ግማሹን የምሰማው ፉጨት ነው። ዳር ዳሩን ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ አንድ ሰው ሌላ የሠራውን ሠራሁት ቢል…"

"ማነው እሱ?"

"ሰው ነዋ!"

"እንጃ። እኔ ማስቲሹን ማን እንደሠራው አላውቅም። ለጥፌ የሰጠሁት ጎማ ከፈነዳ ግን ሾፌሩ ወደኔ ነው የሚመጣው። የማስቲሽ ፋብሪካ አይሄድም።" ከዚያ ፉጨት። "ምን አጠፋሽ?"

"ምንም።"

"አብሽሪ፣ ያጠፋሽውን ስትጨርሺ ትነግሪኛለሽ።"

ይሄ ሰውዬ በስልክ ያያል እንዴ?

ዓርብ፣ ኅዳር 19

የእትዬ ጥሩነሽ የአክስታቸው ልጅ አረፈ። በቅሏቸውን ቦራን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ለቅሶ ወርደዋል። ነፍሱን ይማር። ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ቁጥር አራት አይጥ ወልዶበታል፣ እውነተኛ አይጥ። ተማሪዎቹ ስም አወጡላት።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ወይኔ።

የማርያም ቀን ነው። አሸተን ማርያም የሚወጡ እንግዶች መጡ፣ ብዙ ሰዎች፣ ስምንት በቅሎ ፈለጉ። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ አንድ ተራ ያለፈው ሰው ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። ስለዚህ ስምንት በቅሎ ማለት ሠርግ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብሬ ደወለ። "ኧረ ነይ! ወይራው ሥር ጉድ ፈልቷል።"

ስደርስ እትዬ ጥሩነሽ መሐል ቆመዋል። ነጠላቸው የለቅሶ አጣፍ ነው፣ ቦራን በልጓሟ ይዘዋል። ከለቅሶ ቀጥ ብለው ነው የመጡት።

"አንቱ ወንዴ! ስሄድ ሦስተኛ ነበርኩ። ሬሳ ቀብሬ ስመለስ ሠላሳ አንደኛ?"

"ጥሩነሽ፣ እኔ አልነካሁም። ስልኩ ነው…"

"ስልኩ እማን አንገት ላይ ነው ያለ? ስምንተኛው ማነው? የወንድምዎ ልጅ አይደለም? የኔን ቦታ ለሥጋዎ ሰጡ!"

የወንድማቸው ልጅ እውነትም ስምንተኛ ነው። በደህና ተራው። ግን ማን ያምናል? ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። "ለካ ስንት ጊዜ…" ሲል ሰማሁ አንዱን። ጋሽ ወንዴ ሃያ ሁለት ዓመት ተራ ሲያስከብሩ አንድ ቀን እንዲህ ተብለው አያውቁም። ክሩን ከአንገታቸው አወጡ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፣ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። ስምንቱ በቅሎዎች ወጡ፣ ቦራ ቀረች።

እኔ ምን አልኩ? "አጣራለሁ" አልኩ። ምን እንደማገኝ ግን ስልኩን ሳላየው ዐውቄዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

አገኘሁት። አራት መስመር። "ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው ወደ መጨረሻ ይሄዳል።" ንጹሕ፣ ቆንጆ፣ የተስተካከለ። እትዬ ጥሩነሽ ዓርብ ተጠሩ፣ የሉም። ቅዳሜ ተጠሩ፣ የሉም። ተሰናበቱ።

ስልክ ሳይመጣ በፊት ጋሽ ወንዴ ተራ የሚይዙት በድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ባለ በቅሎ የራሱ ድንጋይ አለው፣ ወይራው ሥር ይደረደራል። ለቅሶ የሄደ ሰው ድንጋይ አይነሣም፣ ይገለበጣል። እስኪመለስ ሌላው ያልፈዋል፣ ሲመጣ ድንጋዩን ያቀናና ከፊት ይገባል። ላሊበላ የመጣሁ ሰሞን በዐይኔ አይቻለሁ። የተገለበጠውን ድንጋይ ረግጬ ተቆጥተውኛል እንኳ!

ማሽኑ ይሄን ከየት ያምጣው? እኔ ግን ዐውቅ ነበር። ወይራው ሥር ቆሜ በአፌ ባስረዳ ጋሽ ወንዴ በመጀመሪያው ደቂቃ "ለቅሶ የሄደስ?" ይሉኝ ነበር። ለዚህ ነው እኮ ሕጉ… የኔው ሕግ።

ከሰዓት በኋላ ብርቅዬ ግሩፑ ላይ ጻፈች። "የላሊበላውን ሰማሁ። እኔ ለመናኸሪያችን ሳሠራ ማሽኑ የቀረ ሰው ይለፍ ብሎኝ ነበር። ለቅሶ የሄደስ፣ ሰደቃ የሄደስ ብዬ አስተካከልኩት። የናንተው ዋናው ላይ ግን አልተስተካከለም። ማነው የጻፈው?"

ገብሬ መለሰ። "ነጅሚያ ናት። እሷ ደግሞ ማሽን አትነካም።"

ዝም አልኩ። ሠላሳ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጋሽ ወንዴ ሦስተኛ ቀናቸው ነው ወይራው ሥር ካልመጡ። ባለ በቅሎዎቹ በድንጋይ ልንመለስ ነው እያሉ ነው። ግማሹ ደግሞ ከእትዬ ጥሩነሽ ጎን ቆሟል። "ወንዴ በልቷል" የሚለው ወሬ ገበያ ደርሷል። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ገብሬ ሊያጽናናኝ መጣ። ይሄ ነው የገደለኝ። "አይክፋሽ ነጅሚ። ደክሞሽ ነበር፣ አባትሽ ታመው ነበር። የሰው ስሕተት ነው። እንዲያውም ቅዳሜ ይሄን ነው የምናገረው፤ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ፊቱ ይታያል፣ ይጠየቃል። ማሽን ቢሆን ኖሮ ማንን ልንጠይቅ ነበር?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለራሱ ዳቦ ገዝቶ ነበር፣ ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ። በላሁት። እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጋሽ ወንዴ ቤት። ደጃፋቸው ተቀምጠው ኮርቻ ይሰፋሉ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር ዐውቃለሁ።

"ጋሽ ወንዴ፣ ያንን ክፍል የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ኤአይ ነው።"

መርፌውን አላቆሙም። "ማነው ኤአይ?"

"ማሽን። ጠየቅሁት፣ ጻፈልኝ፣ እኔ ሠራሁት አልኩ።"

"ታዲያ እኔ ማሽኑን የት ዐውቀዋለሁ? ሠራሁት ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"አዎ።"

"ያስረዳሽኝ ነገር ነበር?"

"የለም። አላስረዳሁም።"

አሁን ቀና አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ይልቅ ዐይናቸው ሞላ። "ለካ የኔ ስሕተት አይደለም… እኔ እኮ ምናልባት ሳላውቅ የነካሁት ነገር አለ ብዬ አራት ቀን ጣቴን ሳይ ነበር።"

አለቀስኩ። ጋሽ ወንዴ ጣታቸውን ሲጠራጠሩ እኔ ዝም ብዬ ሽንኩርት እገዛለሁ! ይሄን መቼም አልረሳውም።

"ቅዳሜ ሰው በተሰበሰበበት ትነግሪልኛለሽ" አሉ። ልመና አልነበረም። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ከገበያ በፊት ተሰበሰብን። ባለ በቅሎዎቹ ሁሉ አሉ። ከጋሸና መናኸሪያም ሁለት ሰዎች መጡ። ብርቅዬ ከፍላቂት ደረሰች፣ አንድም አቧራ ያልነካው ቦታ የላትም፣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። አጭር ናት። በስልክ ረጅም ነበረች።

ገብሬ ወረቀቱን አውጥቶ ሊጀምር ሲል "እኔ ልቅደም" አልኩ። ተናገርኩ። ሁሉንም፤ አራቱን መስመር፣ ጥቅምትን፣ "ሠራሁት" ያልኩትን፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያልኩትን። ገብሬን ላለማየት ቦራን እያየሁ ነው የተናገርኩት፣ እሷም ታየኛለች።

እትዬ ጥሩነሽ ቀደሙ።

"እና ወንዴ አልነካኝም?"

"አልነኩም እትዬ። በደህና ነው የጠሩት። እኔ ነኝ።"

እትዬ ጥሩነሽ ሄደው ጋሽ ወንዴ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሰው ያዛቸው። "አንቱ ወንዴ፣ አፌ ይቆረጥ፣ ይቅር በሉኝ!" "ለእግዚአብሔር ብያለሁ፣ ተነሺ፣ ተነሺ።" ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ጋሽ ወንዴ ክሩን አንገታቸው ላይ መለሱ። ያ "ለካ ስንት ጊዜ" ያለው ሰውዬ መሬት መሬት ያያል።

የኔስ ቅጣት? ተመካከሩ። ባለ በቅሎ ተራ ከሰበረ የተሰበረበትን ሰው በቅሎ እየሳበ አሸተን ማርያም ይወጣል፣ ቀን ሙሉ። የቆየ ደንብ ነው። "ልጅቱ ግን ኮምፒውተር ናት፣ በቅሎ አታውቅም" አለ አንዱ። "ትወቃ!" አሉ እትዬ ጥሩነሽ። ተወሰነ።

የጠባቂነት ቦታዬን ራሴ መለስኩ። ሲወጣ ቀለለኝ። ጋሽ ወንዴ ወዲያው፤ "ለቅሶ የሄደስ ብላ የጠየቀች እሷ ናት፣ እሷ ትጠብቅልን" ብለው ብርቅዬን አመለከቱ። ብርቅዬ አቧራዋን አራገፈች። "እኔ? ኮድ እኮ አልችልም።" "እኔስ እችላለሁ?" አሉ ጋሽ ወንዴ። ሳቅ ሆነ።

ከዚያ ዋናው ጉዳይ፤ ኤአይ ይግባ ወይስ አይግባ? ገብሬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ያለ ወረቀት ተናገረ። አጭር ነበር። የሰው ሥራ ስሙ ሳይጠራ ተበልቶ የተሠራ ነገር ከኛ ጋር እንዲገባ ልቤ አይፈቅድም አለ። ማንም አልሳቀበትም። ብርቅዬ ደግሞ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ሄዳ ስልኩን አስነካቻቸው። ስልኩ "ጥሩነሽ፣ ሦስተኛ ነዎት" አለ። እትዬ ጥሩነሽ "ውይ! ስሜን!" ብለው ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ጋሽ ወንዴ ክሩን እንዳጠለቁ መጀመሪያ ያደረጉት እሳቸውን ወደ ቦታቸው መመለስ ነበር።

እጅ ወጣ። ይግባ ተባለ፣ በሁኔታ፤ ያሠራው ሰው ማሽን ነው ብሎ በግልጽ ይናገር፣ ወይራው ሥር ያስረዳ፣ ሲበላሽም ከነፊቱ ይምጣ። ሊያስረዳ የማይመጣ የማናውቀው ሰው ኮድ ሳይነበብ ይመለስ። የበቅሎ ባትሪ በዚህ ቀረ። ዋናዋ ላይም ያለ ክፍያ ኮድ የሰጡ ሰዎች ስም ይጻፍ። ይሄኛው የገብሬ ነው፣ ሁሉም ተስማማ።

ገብሬ ግን አይግባ ብሎ ነው እጁን ያወጣው። ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። ብርቅዬም ያንኑ ጠየቀችው። "ለምን እወጣለሁ?" አላት። "የማልወደውን ነገር እኔ ካልጠበቅሁት ማን ይጠብቀዋል?"

እኔን ግን አላየኝም። ሰው ሲበተን ተከተልኩት፣ "ገብሬ" አልኩ። "'ልክ ነህ' ነበር ያልሽኝ" አለኝና ሄደ። ልክ ነው። ነበር ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ቅጣት። ቦራ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ከታች እኔ። አስጎብኚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ገብሬ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከፊት ከፊቴ እየሄደ ለእንግዶቹ ድንጋዩን፣ ቅጠሉን፣ ወፉን አስረዳ። ለኔ አንድ ቃል የለም። አንድ ቦታ ላይ ሳል አለ። እንግዶቹ አለፍ ሲሉ እኔም ሳልኩ። ጀርባው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ቁጣ አላወቅሁም።

ቦራ ጠባቧ መተላለፊያ ላይ ቆመች። አትንቀሳቀስም። ለመንኳት። ዘፈንኩላት። በእንግሊዝኛ ሞከርኩ። ሴትዮዋ ከላይ ሆና ትስቃለች፣ እኔ ላብ በላብ ነኝ። ከኋላ የሚመጣ ባለ በቅሎ "ፊቷን ታያለሽና ነው፣ ጀርባሽን ስጫትና ሂጂ" አለኝ። ጀርባዬን ሰጠኋት። ተከተለችኝ! እዚያ ላይ ላስታ በሙሉ ከእግሬ ሥር ተዘርግቶ ዓለም የኔ መሰለችኝ።

እግሬ ግን አልቋል። እንግዶቹ ገዳሙን ሲያዩ እኔና ቦራ ደጅ በሶ ተካፈልን። የምጽፈው ተኝቼ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬ ተራዬ ነበር። "የቀረ ሰው" የሚለውን ክፍል አስተካክዬ ይዤ ወይራው ሥር ቆምኩ። ከፊቴ ጋሽ ወንዴ፣ ገብሬ፣ በስልክ ደግሞ ብርቅዬ። መጀመሪያ በግልጽ ተናገርኩ፤ "ግማሹን ማሽኑ ነው፣ ግማሹን እኔ ነኝ፣ ሁሉንም መስመር በመስመር አስረዳለሁ።" አስረዳሁ። ለቅሶ የሄደ ተራው ይቆማል። ሰደቃ የሄደ ይቆማል። የወለደች ይቆማል። የታመመ ይቆማል። ጋሽ ወንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣም ጎበዝ ነኝ ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም።

"ነጅሚያ እህቴ" አለች ብርቅዬ ከስልኩ ውስጥ። ከኋላዋ የሚኒባስ ጡሩምባ ይጮሃል። "በቅሎዋ ራሷ ብትሞትስ?"

"ምን?"

"ሰውዬው አለ፣ በቅሎዋ ሞተች። ሌላ እስኪያገኝ ተራው ይቆማል ወይስ ያልፋል? እዚህ መኪናው ሞተር ሲያወርድ በየቀኑ የሚያጣላን ይሄ ነው።"

ጋሽ ወንዴን ዐየኋቸው። "እኔን አትይኝ" አሉ። "በድንጋዩ ጊዜ እንኳ ተስማምተንበት አናውቅም።"

"እንግዲያው አይገባም" አለች ብርቅዬ። "ባለ በቅሎዎቹን ጠይቂና ተመለሺ።"

ተመለሺ ተባልኩ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላውን ስመልስ ኖሬ፣ ዛሬ ትኬት ቆራጭ መለሰችኝ። ደግሞ ልክ ናት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ጋሽ ወንዴም ሳቁ።

ደብተሬን አንሥቼ ወደ ባለ በቅሎዎቹ ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ሰው። እትዬ ጥሩነሽ "ይቆማል!" አሉ፣ ቀጣዩ "ያልፋል!" አለ፣ ሦስተኛው "እንደ በቅሎዋ ነው" አለኝና አንድ ሰዓት ስለ ሟች በቅሎው ነገረኝ። አራተኛው ጋ ስሄድ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

"ምን አደከመሽ?" አለ ገብሬ። "ማሽኑን ለምን አትጠይቂውም?"

ዞርኩ። ፊቱ ኮስተር ብሏል፣ ጢሙ ሥር ግን አፉ እምቢ ብሎታል። ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም ነበር። ደብተሩን ከእጄ ወሰደ፣ አምስተኛውን ሰውዬ እሱ ጠየቀልኝ።